ሰንጠረዥ (ጨዋታ)

ሰንጠረዥ ወይም የኢትዮጵያ ቼዝ ሁለት ሰዎች 64 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 16 ጠጠሮች ይዘው የሚጫወቱት ስልታዊ ጨዋታ ነው። የመካከለኛው ዘመን ፋርሶችና ዓረቦች ይጫወቱት ከነበረው ሻትራንጅ የወረደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥቶችና በመኳንንት ግቢ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። ከሻትራንጅ ዘሮች መካከል እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሕይወት ከቆዩት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው።

ሰንጠረዥን ከሌሎች የቼዝ ዓይነቶች የሚለዩት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ተራ የለም፣ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ማሸነፍ ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነው፤ የተሸናፊው ንጉሥ በየትኛው ጠጠር እንደተያዘ የአሸናፊውን ክብር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል።

ጨዋታው ከኢጣሊያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በኋላ እየጠፋ ሄዷል። ዛሬ በኢትዮጵያ «ቼዝ» ሲባል የሚታወቀው ዓለም አቀፉ ቼዝ ነው።

## ስም

የጨዋታው ስም ረጅም መንገድ ተጉዟል። መነሻው ቻቱራንጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ነው፤ ትርጉሙም «አራት ክፍል ያለው» ማለት ሲሆን የጥንቱን የሕንድ ጦር አራት ክፍሎች፣ ማለትም እግረኛን፣ ፈረሰኛን፣ ዝሆንንና ሠረገላን ያመለክታል። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዓረቦች ሸጥረንጅ ወይም ሺጥረንጅ አሉት፣ በአማርኛም ሰንጠረዥ ሆነ።

ከጠጠሮቹ ስሞች ብዙዎቹ ይህንኑ መንገድ ያሳያሉ። ፈርዝ «አማካሪ» ከሚለው የፋርስ ቃል የመጣ ነው። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ማለት ነው። መደቅ እግረኛ ወታደርን ከሚያመለክተው ባይደቅ ከሚለው የዓረብኛ ቃል ጋር ይዛመዳል። ፈረስ በአማርኛም በዓረብኛም ያው ፈረስ ነው። ዋናው ጠጠር ግን ሻህ የሚለውን የፋርስ ስም ትቶ በኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሏል።

ጨዋታው ሲረሳ ቃሉ አልተረሳም። በዛሬ አማርኛ ሰንጠረዥ ማለት በመደዳና በዓምድ የተከፋፈለ ማንኛውም የመረጃ አቀራረብ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በሒሳብ መዝገብና በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ በየቀኑ ይነበባል።

## ታሪክ

ሰንጠረዥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቀይ ባሕር በኩል ከዓረብ አገሮች ጋር በነበረው ግንኙነት እንደሆነ ከጠጠሮቹ ስሞች መረዳት ይቻላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጨዋታው በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር፤ ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540 የነገሡ) በግቢያቸው ከነበረው ግሬጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል።

በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቼዝ ትልቅ ለውጥ አደረገ። አንድ ቤት ብቻ ትሄድ የነበረችው «አማካሪ» ወደ ኃይለኛዋ ንግሥት ተለወጠች፤ ሁለት ቤት ብቻ ይዘል የነበረው «ዝሆን» ደግሞ ሰሌዳውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጳጳስ ሆነ። ይህ ለውጥ ወደ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አልደረሰም። ስለዚህ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያውያን የሚያሰልፉት የድሮዎቹን ፈርዝና ፊል ነበር።

### የተጓዦች ጽሑፎች

ስለ ጨዋታው ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከውጭ አገር ተጓዦችና ተመራማሪዎች ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና በ1810 ትግራይን ሲጎበኝ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ወፍራም ነበሩ፤ ተጫዋቹ የተቃራኒውን ጠጠር ሲበላም በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈናጥረው ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ሲጽፍ ሰንጠረዥን አካትቷል። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የኤች. ጄ. አር. መሪ የቼዝ ታሪክም ጨዋታውን ከሻትራንጅ ዘሮች ጋር መድቦ አቅርቦታል። እነዚህን የተበታተኑ ጽሑፎች አሰባስቦ ታሪኩንና ደንቡን በአንድ ጥናት ያቀረበው የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታትሟል።

### በጣና ዙሪያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ሰንጠረዥ ከጻፉት መካከል አንዱ በጣና ሐይቅ አካባቢ የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። በ1849 ከራስ አሊ ዳግማዊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። የራስ አሊ መቀመጫ ደብረ ታቦር ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ወንድሙ አዘጋጅቶ በ1868 ያሳተማቸው ሲሆን፣ በውስጣቸው የሰንጠረዥ አጨዋወት መግለጫ ይገኛል።

ጽሑፉ ጨዋታው የጦር አለቆችና የመኳንንት መዝናኛ በነበረበት ዘመን የተጻፈ በመሆኑ ደንቦቹን ብቻ ሳይሆን ሥነ ሥርዓቱንም ለመረዳት ይጠቅማል። ሰንጠረዥ በዝምታ የሚካሄድ ጨዋታ አልነበረም። ተመልካቾች ሰሌዳውን ከበው ምክር ይሰጣሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይከራከራሉ።

## ሰሌዳው

የሰንጠረዥ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅ ይሠራ ነበር። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣቦች በቁመትና በአግድም ይሰፉና ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቤቶች ይወጣሉ። ቤቶቹ እንደ ዘመናዊ ቼዝ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቁ አይቀቡም፤ ሁሉም አንድ ቀለም ናቸው። ጨርቁ ተጠቅልሎ ስለሚያዝ ለጉዞና ለሠፈር የሚመች ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ቤቶቹን ለመጥራት ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ይባላሉ፤ መደዳዎቹ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ይህ አጠራር ለማብራሪያ እንዲመች የተወሰደ እንጂ የጥንት ተጫዋቾች የተጠቀሙበት አይደለም።

የታችኛው ተጫዋች አሰላለፍ እንደሚከተለው ነው።

* ሀ1 እና ሸ1፦ ደር
* ለ1 እና ሰ1፦ ፈረስ
* ሐ1 እና ረ1፦ ፊል
* መ1፦ ፈርዝ
* ሠ1፦ ንጉሥ
* ከሀ2 እስከ ሸ2፦ ስምንት መደቆች

እያንዳንዱ ንጉሥ ከመካከለኛው መስመር በስተ ቀኝ፣ በባለቤቱ ዓይን ሲታይ ማለት ነው፣ ይቆማል። የላይኛው ተጫዋች ፊቱን ወደ ታች ያዞረ በመሆኑ ንጉሡ መ8 ላይ፣ ፈርዙ ሠ8 ላይ ይሆናል። ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ሳይሆን ከተቃራኒው ፈርዝ ጋር ይፋጠጣል። ይህ ከዘመናዊ ቼዝ የተለየ ነው።

## የጠጠሮቹ አካሄድ

ንጉሥ በማንኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። በዘመናዊ ቼዝ ንጉሡን በአንድ ጊዜ ወደ ማዕዘን የሚያስጠልለው «ካስሊንግ» የሚባል አካሄድ በሰንጠረዥ የለም።

ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ከንጉሡ ጎን የሚቆም ጠባቂ እንጂ እንደ ዘመናዊዋ ንግሥት ሰሌዳውን የሚያካልል ኃይል አይደለም።

ፊል፣ በአንዳንድ ጽሑፎች ሳባ የሚባለው፣ በሰያፍ በትክክል ሁለት ቤት ይሄዳል። በመካከል ያለው ቤት ቢያዝም ባይያዝም ዘሎት ያልፋል፤ በመካከል ያለውን ጠጠር ግን አይበላም።

ፈረስ እንደ ዘመናዊ ቼዝ ፈረስ ሁለት ቤት ቀጥ ብሎ አንድ ቤት ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በመንገዱ ያሉትን ጠጠሮች ይዘላል።

ደር ቀጥ ባለ መስመር፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። በሰንጠረዥ ካሉት ጠጠሮች ሁሉ ኃይለኛው ይህ ነው።

መደቅ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ የሚበላው ግን በሰያፍ ወደ ፊት አንድ ቤት ነው። ከመነሻው ሁለት ቤት መዝለል አይችልም። በሻትራንጅ ደንብ የሰሌዳው መጨረሻ መደዳ ላይ የደረሰ መደቅ ወደ ፈርዝ ያድጋል።

### ፊልና ፈርዝ የሚደርሱባቸው ቤቶች

ፊል የሚዘለው ሁለት ሁለት ቤት በመሆኑ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው። ለምሳሌ ሐ1 ላይ የሚነሳው ፊል ከሐ1 ሌላ ሊደርስ የሚችለው ሰ1፣ ሀ3፣ ሠ3፣ ሐ5፣ ሰ5፣ ሀ7 እና ሠ7 ላይ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤቶች አሏቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ቤት አይገባም። ስለዚህ ፊል ፊልን መብላት ፈጽሞ አይችልም።

በፈርዝ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነገሥታቱ በሰያፍ ተፈራርቀው ስለሚቆሙ መ1 ላይ ያለው ፈርዝና ሠ8 ላይ ያለው ፈርዝ በአንድ የሰያፍ መረብ ላይ ይውላሉ። ሁለቱ ሊገናኙና ሊበላሉ ይችላሉ። ፈርዞቹ እንደ ዘመናዊ ቼዝ ንግሥቶች ፊት ለፊት ቢቆሙ ኖሮ በማይገናኙ ቤቶች ላይ ብቻ ሲመላለሱ ይኖሩ ነበር።

## ወረራ

ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው። ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን በአንድ ጊዜ፣ ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያንቀሳቅስ ጥፋት የለበትም። ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን እጅ በጥንቃቄ ይከታተላሉ፤ ባዩት ነገር መሠረት የራሳቸውን አሰላለፍ ያስተካክላሉ፣ ያወጡትን ጠጠርም ሊመልሱ ይችላሉ።

ወረራ የሚያበቃው አንዱ ተጫዋች የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ጨዋታው እንደ ተራው ቼዝ በየተራ ይቀጥላል።

ለጀማሪ ወረራ ዝርክርክ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከባዱ ውሳኔ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የሚከተለው ቀላል ምሳሌ ይህን ያሳያል። የታችኛው ተጫዋች የሠ ዓምድ መደቁን ወደ ሠ4፣ የላይኛው ደግሞ የመ ዓምድ መደቁን ወደ መ5 አድርሰዋል እንበል። አሁን ሁለቱም መብላት ይችላሉ። የታችኛው መ5 ላይ ያለውን መደቅ ቢበላ ወረራው ወዲያው ያበቃና ተራው የላይኛው ይሆናል። የላይኛው ተጫዋች ቀደም ብሎ የሰ8 ፈረሱን ወደ ረ6 አውጥቶ ከነበረ መደቁን መልሶ ይበላል፤ ፈረሱም በሰሌዳው መካከል ጥሩ ቦታ ይይዛል። ካላወጣ ግን አንድ መደቅ በከንቱ አጥቷል።

ስለዚህ በወረራ ጊዜ ተጫዋቹ ሁልጊዜ ሊያስባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

1. አሁን ብበላ ምን መልሶ ይበላኛል? የመጀመሪያው በይ አንድ ጠጠር ያተርፋል፤ ቀጣዩን ተራ ግን ለተቃራኒው ይሰጣል።
2. ሳልዘጋጅ ብበላስ? ወረራው ካበቃ በኋላ ያልወጡ ጠጠሮችን ማውጣት በየተራው አንድ አንድ ብቻ ነው።
3. ብጠብቅ ማን ይጠቀማል? ዝግጅቱን የጨረሰ ሰው መጠበቁ አይጠቅመውም፤ ያልጨረሰ ደግሞ ጠጠሮቹን ከጠላት መደቆች ማራቅ አለበት።

## የድል ክብር

የጨዋታው ግብ የተቃራኒውን ንጉሥ መሸሻ በሌለበት መያዝ፣ ማለትም ማት ማድረግ ነው። ነገር ግን በሰንጠረዥ ሁሉም ማት እኩል አይደለም። በደር ወይም በፈረስ የተደረገ ማት ድል ቢሆንም የሚያስመሰግን አልነበረም። በፈርዝ ወይም በፊል ማት ማድረግ የበለጠ ይወደሳል። ከሁሉ የላቀው ደግሞ ደካማ በሚባሉት ጠጠሮች፣ በተለይም በመደቅ፣ ንጉሡን መያዝ ነው።

የሚከተለው አቀማመጥ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

* የታችኛው ተጫዋች፦ ንጉሥ ሸ6፣ ፈርዝ ረ7፣ መደቅ ሰ6፣ ደር ሠ1
* የላይኛው ተጫዋች፦ ንጉሥ ሸ8፣ መደቅ ሀ5
* ተራው የታችኛው ነው።

የታችኛው ተጫዋች ደሩን ከሠ1 ወደ ሠ8 ቢያወጣ ማት ነው። ደሩ በስምንተኛው መደዳ ንጉሡን ይመታል፤ ሰ7ን እና ሸ7ን የታችኛው ንጉሥ ይጠብቃቸዋል፣ ሰ8ን ደግሞ ደሩም ፈርዙም ይዘውታል። በዘመናዊ ቼዝ ተጫዋቹ ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አይኖርም።

የሰንጠረዥ አዋቂ ግን ደሩን ትቶ መደቁን ከሰ6 ወደ ሰ7 ይገፋዋል። መደቁ በሰያፍ ንጉሡን ይመታል። ንጉሡ መደቁን ሊበላ አይችልም፣ ሸ6 ላይ ያለው ንጉሥ ይጠብቀዋልና። ወደ ሸ7 መውረድም አይችልም፣ ይህንንም ቤት ያው ንጉሥ ይዞታል። ሰ8 ደግሞ በፈርዙ ተይዟል። ይህም ማት ነው፤ ነገር ግን ከጦሩ ሁሉ ዝቅ ያለው እግረኛ ንጉሥ ማረከበት። የሁለቱ ውጤት በዘመናዊ ቼዝ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ይጻፋል፤ በሰንጠረዥ ተመልካቾች ዘንድ ግን አንድ አልነበረም።

### ብቻውን የቀረ ንጉሥ

ይህንኑ መንፈስ የሚያንጸባርቁ ሌሎች ሁለት ደንቦች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያበቃል። ስለዚህ የተቃራኒውን ጠጠር ሁሉ ጠራርጎ የሚበላ ተጫዋች ድሉን ራሱ ያበላሻል።

ሁለተኛው፣ ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ (ከመደቅ ሌላ) ሲቀር አጥቂው ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማት ማድረግ አለበት። ስለዚህ የሚበልጠው ወገን ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የተቃራኒውን ጠጠሮች እየቆጠረ አንዳንዶቹን ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። በዘመናዊ ቼዝ የለመደ ሰው ሰንጠረዥ ሲማር ከሁሉ የሚቸግረው ይህ ነው፤ እጁ የቀረበለትን ሁሉ ለመብላት ይቸኩላል።

## ለጀማሪዎች

ሰንጠረዥ ለመማር የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። ዘመናዊ የቼዝ ዕቃ ያለው ሰው ንግሥቷን እንደ ፈርዝ፣ ጳጳሱን እንደ ፊል፣ ግንቡን እንደ ደር መጠቀምና የአንዱን ወገን ንጉሥና ንግሥት ቦታ ማቀያየር ብቻ ይበቃዋል። ዕቃ የሌለው ደግሞ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ለዳማ ጨዋታ የሚውለውን የለስላሳና የቢራ ቆርኪ መጠቀም ይችላል። 32 ቆርኪዎች ይሰበሰባሉ፤ 16ቱ በፊታቸው፣ 16ቱ በጀርባቸው ይቀመጣሉ፤ ላያቸው ላይ የጠጠሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይጻፋል። ፈርዝ፣ ፊልና ፈረስ በተቀራራቢ ፊደል ስለሚጀምሩ ሁለት ሁለት ፊደል መጻፍ ይሻላል። ሰሌዳውም በካርቶን ወይም በጨርቅ ላይ በስክሪብቶ ይሰመራል።

ትምህርቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል መያዝ ይቀላል።

1. ፈርዝና ፊልን መልመድ። ባዶ ሰሌዳ ላይ አንድ ፊል አስቀምጦ የሚደርስባቸውን ስምንት ቤቶች መፈለግ፤ ከዚያም ፈርዝን ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር ማመላለስ።
2. ያለ ወረራ መጫወት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጨዋታዎች ከመነሻው ጀምሮ በየተራ መጫወት። ይህ ከሻትራንጅ ጋር በጣም ይመሳሰላል።
3. ወረራን መጨመር። መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየተነጋገሩ ቢያደርጉት ይመረጣል።
4. በመደቅና በፈርዝ ማት ማድረግን መለማመድ። ከላይ እንደቀረበው ያለ አቀማመጥ ላይ ደሩን ሳይነኩ መፍትሔ መፈለግ።
5. የመጨረሻዎቹን ደንቦች መያዝ። ብቻውን የቀረ ንጉሥንና የሰባት እንቅስቃሴውን ደንብ ተግባራዊ ማድረግ።

ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመራቸው በፊት መስማማት ያለባቸው አንዳንድ ነጥቦችም አሉ። የጽሑፍ መግለጫዎቹ የተወሰዱት በተለያየ ዘመንና ቦታ ስለሆነ በዝርዝሩ ሁሉ አይስማሙም። በተለይ መደቅ ወደ ምን እንደሚያድግና በወረራ ጊዜ ጠጠር እስከ ምን ድረስ መመለስ እንደሚቻል አስቀድሞ መወሰን ጠብ ያስቀራል።

## ከኮምፒውተር አንጻር

ቼዝ የሚጫወቱ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት «እኔ ይህን ብጫወት እሱ ምን ይመልሳል?» በሚል የዛፍ ቅርጽ ባለው ፍለጋ ነው። የዛፉ አንድ ደረጃ የአንዱ ተጫዋች ተራ፣ ቀጣዩ ደረጃ የሌላው ተራ ነው። ይህ ዘዴ ለሰንጠረዥ ሁለተኛ ክፍል ያለ ችግር ይሠራል፤ እንዲያውም ፈርዝና ፊል ያላቸው አማራጭ ጥቂት በመሆኑ በአንድ ተራ የሚመረመረው እንቅስቃሴ ከዘመናዊ ቼዝ ያነሰ ነው።

ወረራ ግን ከዚህ ዘዴ ጋር አይገጥምም። ተራ ስለሌለ ቀጣዩ እንቅስቃሴ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጠጠር ወደ ኋላ ስለሚመለስም ዛፉ መጨረሻ የለውም። ፕሮግራም ጸሐፊ ሊከተላቸው ከሚችላቸው መንገዶች አንዱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየተራው «ማለፍ» የሚል አማራጭ ጨምሮ ወረራውን ወደ ተራ ጨዋታ መቀየር ነው። ሌላው መንገድ ፍለጋውን በአሰላለፍ ላይ ማድረግ ነው፤ ማለትም ከመጀመሪያው ምርኮ በፊት ሊደረስባቸው ከሚችሉት አሰላለፎች የትኛው እንደሚሻል መመዘን። በመጀመሪያው መንገድ ፍጥነትና ንቃት ከጨዋታው ይወጣሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን እያዩ መለዋወጣቸው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ወረራን በትክክል የሚያሳይ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ መሥራት ለተማሪዎች ጥሩ መልመጃ ነው።

## ከሌሎች ስልታዊ ጨዋታዎች ጋር

በኢትዮጵያ ከሰንጠረዥ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው ገበጣ ነው። ገበጣ በመሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጠጠር ወይም በፍሬ ስለሚጫወቱት ለእረኛም ለመኳንንትም እኩል ቅርብ ነበር። ሰንጠረዥ ግን የተሠራ ዕቃና የሚያውቅ ባላጋራ ስለሚፈልግ ከግቢ ብዙም አልወጣም። አንዱ ሲቀጥል ሌላው የጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት ይህ ልዩነት ይረዳል።

አዘጋጅቶ መጠበቅና ቀድሞ መንቀሳቀስ የሚጋጩበት የወረራ ሐሳብ በዘመናዊ የሰሌዳ ጨዋታዎችም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ቲኬት ቱ ራይድ በተባለው የአለን ሙን የባቡር ጨዋታ ተጫዋቹ በየተራው ሊመርጣቸው ከሚችላቸው ነገሮች መካከል የባቡር ካርዶችን መሰብሰብና በካርታው ላይ የሐዲድ መስመር መያዝ ይገኛሉ። ካርድ ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ረጅም መስመር መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሌላው ቀድሞ የሚፈልገውን መንገድ ሊዘጋበት ይችላል። በሁለቱም ጨዋታዎች ጀማሪው መጀመሪያ የሚማረው ደንቡን ሲሆን ቀጥሎ የሚማረው መቼ መጠበቅ እንደሚያበቃ ነው።

## የጨዋታው መጥፋትና የዛሬው ሁኔታ

ሰንጠረዥ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በመኳንንት ዘንድ ይጫወቱት ነበር። የኢጣሊያ ወረራ ጨዋታውን ያቆየውን የመኳንንት ግቢ ኑሮ አናጋው። ከነጻነት በኋላ ዓለም አቀፉ ቼዝ በትምህርት ቤቶችና በክበቦች ሲገባ አዲሱ ትውልድ የተማረው የእርሱን ደንብ ነው። ዛሬ ውድድሮችን የሚመራው የኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽንም በዓለም አቀፉ ደንብ ይሠራል።

የሰንጠረዥ ደንብ በጽሑፍ ቢተርፍም ደንብ ያልሆነው ክፍል፣ ማለትም ተጫዋቾች በወረራ ጊዜ ይመርጧቸው የነበሩት አሰላለፎች፣ ተመልካቾች የሚሰጡት ምክርና አድናቆት፣ ጥሩ ማት የሚባለውን ከመጥፎው የሚለዩበት ዓይን፣ በአብዛኛው ከተጫዋቾቹ ጋር ሄዷል። ተጓዦቹ የጻፉት ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ እንጂ ሙሉ ጨዋታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ሰንጠረዥን የሚማር ሰው የተገኘውን ደንብ ይዞ ስልቱን በመጫወት እንደገና ማግኘት ይኖርበታል።

## ደግሞ ይዩ

* ቼዝ
* ገበጣ
* ዳማ
* ሻትራንጅ
* ዐፄ ልብነ ድንግል
* ደብረ ታቦር